ከጥር ሠርግ በፊት ለእህቴ ልንገራት?

«ሰላም ላንቺ ይሁን። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የ6 ዓመት ወንድና የ3 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ወንዱ በእግሩ የሄደው ዘግይቶ ነው። ሲሮጥ ይወድቃል፤ እጁን ካልያዝኩት ደረጃ አይወጣም፤ ከመሬት ሲነሣ ጉልበቱንና ጭኑን በእጁ እየተደገፈ ነው። ባቱ ግን እንደ ኳስ ተጫዋች ወፍሯል፤ ሰው ሁሉ ‹እግሩ ጠንካራ ነው› ይለኛል። አንድ ክሊኒክ ጉበቱ ነው ብሎ 8 ወር መድኃኒት አጠጣነው። ሐምሌ 19 ቁልቢ አዝዬው ወጥቼ ተሳልኩ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወሰድነው፤ ሲኬ የሚሉት የደም ምርመራ 14 ሺህ ሆነ። የነርቭ ሐኪሙ ‹ዱሼን የሚባል የጡንቻ በሽታ ይመስላል፤ በዘር የሚመጣ ነው፤ ለማረጋገጥ የጂን ምርመራ ያስፈልጋል፤ ናሙናው ውጭ አገር ይላካል› አለን።

ያን ጊዜ ወንድሜ ትዝ አለኝ። በ11 ዓመቱ መሄድ አቆመ፣ በ19 ዓመቱ ሞተ። ቤታችን ውስጥ ‹ልክፍት ነው› ይባል ነበር። ለእናቴ ስነግራት ፊቷን አዙራ ‹ይህን ነገር እንዳታወሪ፤ የእህትሽ ሠርግ ጥር ላይ ነው› አለችኝ። አማቴ ‹በሽታው ከእናንተ ወገን ነው› ትላለች። ባሌ ዝም ብሏል። አንድ ደላላ ደግሞ ውጭ አገር በስቴም ሴል ይድናል፣ ባልሽ የወረሰውን ቤት ብትሸጡ ይበቃችኋል ይለኛል። ለእህቴ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? ቤቱንስ እንሽጥ? ልጁ ደግሞ ‹ብስክሌት ግዢልኝ› ብሎ አላስቀምጥ ብሎኛል።
የሳቢያኗ እናት»

እህቴ፣

ለእህትሽ ንገሪያት፤ ከሠርጉ በፊት። ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ይህን ያስቀደምኩት ሌላው ትንሽ ጊዜ ስለሚሰጥሽ ነው። ጥር ግን አይጠብቅም።

እኔ ሐረር ውስጥ በነርስነት ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ከብዙ ዓመት በፊት የማውቀው አንድ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እናቱ በጁገል ጠባብ መንገዶች አዝላው ትመጣ ነበር። ባቱ የወፈረ፣ ሲነሣ የራሱን ጭን እንደ መሰላል የሚወጣ፤ ልክ አንቺ እንደጻፍሽው። ካርዱ ላይ የተጻፈው የጉበት በሽታ ነበር። እኔስ ምን አልኳት? «አይዞሽ፣ ወንድ ልጅ ሲያድግ ይጠነክራል።» አቦ! ያቺን ቃል ዛሬም መመለስ ብችል በወደድኩ። ያ አነሣስ የጋወርስ ምልክት እንደሚባል፣ ከሩቅ አይቶ እንኳ ሊጠረጠር እንደሚችል የተማርኩት እናቲቱ መምጣት ካቆመች በኋላ ነው።

የጉበቱ ነገር እንዲህ ነው። በደም ምርመራ «የጉበት» የሚባሉት ሁለቱ ኢንዛይሞች ጡንቻም ውስጥ አሉ። ጡንቻ ሲፈርስ እነሱም ወደ ደም ይፈስሳሉ፤ ቁጥራቸው ሲንር ያየ ሰው ጉበት ነው ይላል። አንድ የሲኬ ምርመራ ቢጨመር ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ይለይ ነበር፤ ሲኬ ዋና መገኛው ጡንቻ ነውና። መደበኛው ልክ 200 አካባቢ ሆኖ ሳለ ያንቺ ልጅ 14 ሺህ አለው። ሴትዮ ይህን ዓምድ የምታነቢ፣ ልጅሽ ዘግይቶ የሄደና የሚወድቅ፣ ሐኪሙም ጉበት ነው ያለሽ ከሆነ፣ ሲኬ ይታዘዝልኝ ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልመለስ። ዱሼን ስሙን ያገኘው በ1860ዎቹ በሽታውን ካጠናው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ምክንያቱ የታወቀው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ቦስተን ውስጥ በሉዊስ ከንከል የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1986 ጂኑን (ሰውነት ፕሮቲን የሚሠራበትን በዘር የሚተላለፍ መመሪያ)፣ በ1987 ደግሞ ጂኑ የሚሠራውን ፕሮቲን አገኘ። ፕሮቲኑ ዲስትሮፊን ይባላል። የጭቃ ቤት ግድግዳ ውስጥ ያለውን ማገር አስቢ፤ ጭቃው ሲሰነጠቅ የሚይዘው እሱ ነው። ጡንቻም በተኮማተረ ቁጥር እንዳይቀደድ የሚይዘው ዲስትሮፊን ነው። እሱ የሌለው ልጅ ጡንቻው በየቀኑ በጥቂቱ ይቀደዳል፤ ሰውነቱ ይጠግናል፤ መጠገኑ ሲያቅተው ቦታውን ስብና ጠባሳ ይይዘዋል። ሰው ያደነቀልሽ ባት ይህ ነው።

የዲስትሮፊን ጂን የሚገኘው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም (ጂኖችን የያዘ ክር) ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል። ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚወስደው ከእናቱ ነው። ስለዚህ አማትሽ ስለ መንገዱ የተናገረችው ልክ ነው፤ መጥቶ የነበረው በእናንተ በኩል ነው። የተሳሳተችው «መጣ» የሚለውን «አመጣሽ» ብላ ስትሰማው ነው። ይህን ጂን አልመረጥሽም፤ እናትሽም አልመረጠችም። በሰው ዘር ውስጥ ከሚታወቁት ጂኖች ከትልልቆቹ አንዱ እሱ ነው፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፊደላት አሉት። ያን ያህል ረጅም ጽሑፍ ሲገለበጥ ስህተት መግባቱ አይገርምም። ከሦስት ታማሚ ልጆች አንዱ ገደማ በቤተሰቡ ማንም ሳይታመም ስህተቱ በእሱ አዲስ የተፈጠረ ነው። የአማትሽ ልጅ ያገባው ማንንም ቢሆን ይህ ሊደርስበት ይችል ነበር።

በእኛ አገር ለጋብቻ ዘር ይቆጠራል፣ ሰባት ቤት ይባላል። ልማዱ ሌላ ዓይነት የዘር በሽታ ላይ ጥቅም አለው፤ ከአባትም ከእናትም አንድ አንድ የተበላሸ ጂን ሲገናኝ የሚመጡት በቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ ይበዛሉና። ዱሼን ላይ ግን ሰባት ሳይሆን ሰባ ቤት ብትቆጥሪ አያድንሽም። ባዳም ብታገቢ በአንዲት እናት በኩል ያልፋል። ለዚህ ነው ጉዳዩ የእህትሽን እጮኛ ዘር የማይመለከተው። የሚመለከተው እህትሽን ራሷን ነው።

ወንድምሽም ልጅሽም የታመሙት በአንድ በሽታ ከሆነ (የጻፍሽው ሁሉ እሱን ይመስላል) እናትሽ ተሸካሚ (ራሷ ሳትታመም ለልጆቿ የምታስተላልፍ) ናት፤ አንቺም ነሽ። እህትሽ ደግሞ ወይ የተበላሸውን ኤክስ ወስዳለች ወይ ደህናውን፤ ዕድሏ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። ብትወስድ እሷ ራሷ ብዙውን ጊዜ ደህና ሆና ትኖራለች፤ የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ ግን የመታመም፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅም የመሸከም ዕድሏ ግማሽ ነው። ባትወስድ ደግሞ ይህ ነገር በእሷ በኩል አበቃ። የ3 ዓመቷ ልጅሽም ያው ነች፤ አድጋ ራሷ ጠይቃ እስክትመረመር ድረስ ቢያንስ ታሪኩን አውቃ ትደግ።

እንዴት ትነግሪያታለሽ? ብቻዋን። እናታችሁ ሳትኖር፣ ሚዜዎቿ ሳይኖሩ፣ ባልሽም ሳይኖር። በስልክ አይሆንም። ለእጮኛዋ ወይም ለቤተሰቡ አንቺ አትናገሪ፤ ምስጢሩ የእሷ ነው፤ ለማን፣ መቼ እንደምትነግር የምትወስነው እሷ ናት። ‹አታግቢ› የሚል ነገር ከአፍሽ አይውጣ። እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምላት፦ «የወንድማችን በሽታ ስም ተገኘለት። ልጄም ያው ሳይሆን አይቀርም። አንቺ ጋ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ በምርመራ ይታወቃል። ስትወልጂ እንዳትደነግጪ፣ እኔ እንደ ደነገጥኩት፣ ነው የነገርኩሽ።» ከዚያ ዝም በይ፤ ታልቅስ፤ ትቆጣም። መጀመሪያ የሚቆጡት የነገራቸውን ሰው ነው።

የልጁ የጂን ምርመራ ውጤት እጅሽ ሲገባ የእህትሽ ምርመራ በጣም ይቀላል፤ ላቦራቶሪው ስህተቱ የት ቦታ እንዳለ አውቆ እዚያው ነው የሚፈልገው። እሷ ሲኬ ብቻ ተመርምራ ደህና ቢላት ግን አትታለሉ፤ ብዙ ተሸካሚ ሴቶች ሲኬያቸው መደበኛ ነው። ደግሞም አንቺና እናትሽ የልብ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሡ፤ ከተሸካሚ ሴቶች አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ የልብ ጡንቻቸው ይደክማል፤ ቀድሞ ከታየ በመድኃኒት ይያዛል።

እናትሽን አትጣያት። ልጇን በ19 ዓመቱ ቀብራ፣ ጎረቤት ‹ልክፍት ነው› እያለ ሲንሾካሾክ ሌላዋን ሴት ልጇን ለመዳር የበቃች ሴት ናት። በእሷ ዘመን የበሽታው ስም ቢነገር ኖሮ አንቺስ ታገቢ ነበር? ይህን ጠይቃ ይሆናል ሌሊት ሌሊት። ለእህትሽ ከነገርሽ በኋላ ወደ እናትሽ ሂጂና ስለ ወንድምሽ ጠይቂያት፤ ስንት ዓመቱ ላይ መውደቅ ጀመረ፣ ባቱ ይወፍር ነበር ወይ፣ ሲተኛ ትንፋሽ ያጥረው ነበር ወይ። ሐኪሙ ይህን ይፈልገዋል። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ልጇ ሞት ሳትደበቅ ታወራለች።

ቤቱን አትሽጡ።

ደላላው የሚሸጥልሽ የስቴም ሴል ሕክምና (ወደ ሌላ ዓይነት ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ መስጠት) ዱሼንን እንደሚያድን የተረጋገጠ አይደለም። ምርምሩ ግን የለም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ከማውቃቸው አልፎ አልፎ የሚከሰቱ በሽታዎች እንደ ዱሼን የተሮጠበት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጂኑን አንድ ቁራጭ አስዘልሎ የሚያስነብብ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ፤ የሚሆነው ከመቶ 13 ለሚሆኑት ልጆች ብቻ ነው። በ2023 ኤሌቪዲስ የሚባል የጂን ሕክምና ጸደቀ፤ አንዴ የሚሰጥ ሲሆን ዋጋው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። እሱም ቢሆን በሽታውን አይነቅልም፤ በ2025 በእግራቸው መሄድ ያቆሙ ሁለት ወጣቶች ከወሰዱ በኋላ በጉበት መድከም ሞተዋል፤ ከዚያ ወዲህ አሰጣጡ ጠበቅ ተደርጓል። እንግዲህ ሰው የሚያውቀው ትልቁ ነገር ይህ ከሆነ፣ ደላላው በአንድ ቤት ዋጋ ምን ሊሸጥልሽ ነው? በትክክል የሚካሄድ የመድኃኒት ሙከራ የታማሚን ቤት አያሸጥም። ገንዘብ ቀድማችሁ ክፈሉ የሚልሽን ሸኚው።

ያ ሁሉ ምርምር ከየት እንደተነሣ ግን ልንገርሽ፤ ወደ አንቺ ስለሚመለስ። ፓት ፈርሎንግ የምትባል አሜሪካዊት ነርስ ሁለቱም ወንዶች ልጆቿ ዱሼን ነበራቸው፤ ሁለቱም ሞቱባት። እ.ኤ.አ. በ1994 ከሌሎች ወላጆች ጋር ማኅበር መሠረተች፤ ተመራማሪ እየፈለጉ፣ ገንዘብ እያሰባሰቡ፣ መንግሥትን እየወተወቱ ቆዩ። እኛም አገር ዘሚ የኑስ በልጇ ምክንያት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ስትከፍት ‹ኦቲዝም› የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ጥቂት ነበር። አንቺ ማኅበር አቋቁሚ አልልሽም፤ ሸክምሽ ይበቃሻል። የምልሽ፣ የጂን ምርመራውን ቤት ለመሸጥ ያሰባችሁበትን ጉልበት አድርጋችሁ ጨርሱት ነው። ከመጡትና ከሚመጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ የትኛው ቁራጭ እንደተበላሸ ይጠይቃሉ። ያቺ ወረቀት የሌለው ልጅ በሩ ቢከፈትም አይገባም። ፎቶ አንሥተሽ በስልክሽ፣ ዋናውን ከልደት ካርዱ ጋር አስቀምጪ።

እስከዚያ ድረስ ያለው ሕክምና፣ ሰው በርካሽነቱ የሚንቀው፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ክኒን ነው። ከተማችን ፋርማሲ ውስጥ አለ። ተመራማሪዎች የሚያመጣውን ውጤት በጥናት አይተውታል፤ ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ጊዜ በዓመታት ያራዝማል፤ ትንፋሹንና የጀርባውን መጉበጥም ያዘገያል። የሚጀመረው ልጁ ጉልበቱ ከመውረዱ በፊት ነው፤ የልጅሽ ዕድሜ ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ነው። ወንድምሽ ይህን አላገኘም። የእሱን መንገድ በልጅሽ ላይ አታንብቢ፤ ሕክምናው በተሟላበት አገር ዛሬ ብዙዎቹ 20ዎቹን ጨርሰው 30ዎቹ ውስጥ ይገባሉ።

ግን አደራ፦ ራስሽ ሄደሽ ከፋርማሲ ገዝተሽ አትጀምሪለት። ከመጀመሩ በፊት የሳንባ ነቀርሳ መኖር አለመኖሩ ይታያል፣ ክትባቱ ይጣራል፣ መጠኑ በኪሎው ይሰላል። ምግብ ያስወድዳል፣ ያወፍራል፣ አንዳንዱን ልጅ ነጭናጫ ያደርገዋል፣ አጥንት ያሳሳል። ከተጀመረ በኋላ ደግሞ በድንገት ማቋረጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። አንድ ሳምንት መድኃኒቱ ከገበያ ቢጠፋ «ይቆይ» የሚባል ነገር የለም፤ ሳያልቅ ግዢ። ጸበል ይዘሽው መሄድሽን አልቃወምም፤ እኔም ቁልቢ ስለት አለብኝ። ጸበል ስትወስጂው ክኒኑም ቦርሳሽ ውስጥ ይሁን፤ አጥማቂው ‹መድኃኒት አይቀላቀልም› ቢልሽ አትስሚው።

ክትትሉን ድል ጮራ ሆስፒታል ጀምሪ፤ የሕፃናት ሐኪሙ ከአዲስ አበባው የነርቭ ሐኪም ጋር በደብዳቤ ይነጋገር። የልብና የትንፋሽ ምርመራ እዚያ ካልተሟላ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ፤ የደንገጎን ዳገት መውጣት ብቻ ነው። ለእግሩ ደግሞ ድሬዳዋ ውስጥ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለላችሁ። የቁርጭምጭሚቱን ጅማት በየቀኑ ማሳሳብን ያስተምሩሻል፤ በጣት መሄድ የሚጀምሩት እሱ እያጠረ ስለሚሄድ ነው። ይህን ሥራ ለባልሽ ስጪው። ዝም ያለ ወንድ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ያጣ ወንድ ነው። ማታ ማታ የልጁን እግር ይዞ 10 ደቂቃ ሲያሳስብ፣ ወሬው በራሱ ይመጣል።

አንድ ነገር በትልቁ ጽፈሽ ካርዱ ላይ ለጥፊ፦ ልጁ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው፣ ለተሰበረ እጅም ቢሆን፣ ሰመመን ሰጪው በሽታውን ማወቅ አለበት። በሰመመን ጊዜ ጡንቻ ለማላላት የሚሰጠው ሱክሲኒልኮሊን የሚባል መድኃኒት እንዲህ ላሉ ልጆች ልብ ሊያቆም ይችላል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እናት ሳትኖርም ወረቀቱ ይናገር።

ትምህርት ቤቱን አትደብቂው። መምህሩ ሰነፍ ነው ብሎ እንዳያስሮጠው፣ በተለይ ደረጃ መውረድና መዝለል ጡንቻውን ይጎዳዋልና፣ ክፍሉ ምድር ላይ እንዲሆን ከዳይሬክተሩ ጋር ተነጋገሪ። እዚህ ላይ ድሬ ከእኛ ሐረር ትሻላለች፤ መንገዷ ሜዳ ነው። እኔ ያየኋት እናት በጁገል ድንጋይ ላይ ያን ልጅ ስታወጣና ስታወርድ ጀርባዋ ነው የወደቀው። ዊልቸር የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ እንደ ሽንፈት አትይው።

በማዕከሉ ውስጥ ልጇን ይዛ የምትጠብቅ ሌላ እናት ታገኛለሽ። በሽታው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ዱሼን ከ3,500 እስከ 5,000 ወንድ ልጆች አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው። ስልኳን ተቀበያት። እኩል የደከመች ሴት ‹ዛሬ ልጅሽን እኔ ልያዝልሽ› ስትል ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። የእድርሽንም ሰብሳቢ አናግሪ፤ እድር ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው? ለአዲስ አበባው መንገድና ለምርመራው የሚረዱ ሞልተዋል፤ ግን ስሙን ካልነገርሻቸው ማን ይሰጥሻል?

ብስክሌቱን ግዢለት። ሐኪሙን ጠይቂና ግዢለት። በዝግታ መንዳት እንደ መሮጥና እንደ መዝለል ጡንቻ አይቀድድም። ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ከዚራ ወስደሽ በዛፎቹ ጥላ ሥር ሜዳ ሜዳውን ይንዳ፤ ‹ደከመኝ› ሲል ይውረድ፤ በማግስቱ እግሩን ካመመው ወይም ሽንቱ ቡናማ ከሆነ በዝቷልና ሐኪም ጋ ሂጂ። ከኋላ ሁለት ትንንሽ ጎማ ያለውን ፈልጊ፤ ኮርቻውንም ዝቅ አስደርጊለት፤ ሲቆም ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይንኩ።